ስለ ተወገደው የፍቅር መደርደሪያና ስለ እህቴ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የዓይንዎ ብርሃን እንዳይደክም፣ ያ ባለ ጎማ የሥራ ወንበርዎ ወገብዎን እንዳይጎዳው፣ በቢሮዎ መስኮት የሚገባው ነፋስም ጉንፋን እንዳያመጣብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለው መንገድ በአንዲት የስፌት መኪና የምተዳደር ልብስ ሰፊ ነኝ። ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ፊት ለፊት ለመግለጽ ደጋግሜ ብመጣ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስለ መለሰችኝ፣ ምስጋናዬ ከእኔ ጋር አርጅቶ እንዳይቀር ብዬ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ተገድጃለሁና ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎ አይለየኝ። ምስጋናዬንም እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ መደርደሪያው።

ክቡርነትዎ ሥራ በጀመሩ ሰሞን፣ በምድር ቤቱ የንባብ አዳራሽ ከመስኮቱ ሥር የነበረውን የፍቅር ልቦለዶች መደርደሪያ «ለዕድገት አስተዋጽኦ የሌለው» ብለው ስላነሡልን እጅግ አመሰግናለሁ። መደርደሪያው በእርግጥም ያሳፍር ነበር። የሌሎቹ መጻሕፍት ጀርባ ትናንት ከማተሚያ ቤት እንደ ወጣ ሲያብረቀርቅ፣ የእሱ መጻሕፍት ግን በሰው እጅ ብዛት ጠርዛቸው ተልጦ፣ ገጻቸው ተጣጥፎ፣ ግማሾቹም በፕላስተር ተጠጋግነው ነበር የሚታዩት። ሰው የሚያነበው መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ መገኘቱ የመሥሪያ ቤትን ገጽታ ምን ያህል እንደሚያበላሽ እኛ ተራ አንባቢዎች አስበነው አናውቅም። አሁን በቦታው የቆመው የፕላስቲክ አበባና «የንባብ ባህላችንን እናዳብር» የሚለው ፖስተር ግን ንጹሕ ነው፤ ማንም አይነካውም።

፪ኛ፦ ስለ እህቴ።

እህቴን ክቡርነትዎ አያውቋትም፤ ድምፅዋን ግን ሳይሰሙ አልቀሩም። ስልክ በሰው እጅ ይገናኝ በነበረበት ዘመን «ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» ትል የነበረችው እሷ ናት። የሰውን ናፍቆት፣ የሰውን ጠብና የሰውን ዕርቅ ስታገናኝ ኖራ ስለ ራሷ ግን ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ሴት ነበረች። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፣ እሷ እስካረጅ ድረስ ሚጣ ትለኝ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ምነው ሳታገቢ ቀረሽ?» እያለ ሲነዘንዛት «መስመር ተይዞብኝ» ብላ ትስቅና ወሬውን ትቀይራለች።

ኩላሊቶቿ ሥራ ሲያቆሙ ወደ ኩላሊት እጥበት ክፍል የምትመላለስ ሆነች። ክፍሉን አይተውት ስለማያውቁ ላስረዳዎት። ግድግዳው ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ወንበሮቹ ወደ ኋላ ይለጠጣሉ። በየወንበሩ ጎን አንድ ማሽን ይቆማል፤ ከማሽኑ ወደ ክንድ የሚሄዱ ሁለት ቀያይ ቱቦዎች አሉ። ሰው ደሙ ከሰውነቱ ወጥቶ ሲዞር እያየ ግማሽ ቀን ይቀመጣል፤ የወጣው ደም በርዶ ስለሚመለስም ብርድ ብርድ ይለዋል። እዚያ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ከበሽታው ይከፋል። ስለዚህ አነበብኩላት።

እሷ የምትወደው የድሮውን ዘመን ነው፤ ፈረስ፣ ጎራዴ፣ ግንብ፣ አንዴ ለመሳሳም ግማሽ መጽሐፍ የሚፈጅባቸው ሰዎች። እኔ የዘንድሮውን እወዳለሁ፤ ቢሮ፣ አፓርታማ፣ በተበላሸ ሊፍት ውስጥ ተዘግተው የሚታረቁ ኩርፈኞች። «ያንቺዎቹ ሊፍት ባይበላሽ ኖሮ ቆመው ሊቀሩ ነው» ትለኛለች። «ያንቺዎቹስ ፈረስ ለምንድን ነው የማይርበው?» እላታለሁ። ከጎኗ የሚታጠቡት ጡረተኛ የሂሳብ መምህር ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ ይመስላሉ፤ ግን አንቀጽ በዘለልኩ ቁጥር «እዚያ ጋ የጎደለ ነገር አለ» ይሉኛል። የምዘለው ደግሞ ሁልጊዜ የመሳሳሙን ነበር።

ካስወገዷቸው መጻሕፍት መካከል ባለ ሁለት ቅጽ የሆነ አንድ የድሮ ዘመን ልቦለድ ነበር። የአንድ ኮርቻ ሠሪ ልጅና የአንድ መልእክተኛ ፈረሰኛ ፍቅር ነው። ቀደም ብዬ ተውሼው የነበረው አንደኛው ቅጽ የሚያልቀው ፈረሰኛው «ሲነጋ ድልድዩ ላይ እጠብቅሻለሁ፤ ካልመጣሽ ብቻዬን እሻገራለሁ» ብሏት ሲሄድ፣ እሷም ከታመመው አባቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ስትቀር ነው። መጽሐፉን ስዘጋው መምህሩ ዓይናቸውን ገልጠው «ሁለተኛውን እንዳትረሺው አደራ» አሉኝ።

እትዬ ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «እኔንም ጠብቆኝ ነበር፤ አውቶቡስ መናኸሪያው» አለች።

የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ «ማን?» አልኳት።

«አንድ መንገድ ቀያሽ ነበር። አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታስታውሽውም።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«የኮርቻ ሠሪው ልጅ ምን እንዳደረገች መጀመሪያ እንስማና እነግርሻለሁ። እንዲሁ በባዶው ማውራት ያሳፍረኛል።»

ክቡርነትዎ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ይህች እንደዚያ ቆንጆ የነበረች ሴት ብቻዋን የቀረችው እኔን ላሳድግ ብላ ይሆን? ልጠይቃት ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። እነሆ መልሱ ሊመጣ ሲል ከእርስዎ መደርደሪያ ላይ ባለ አንድ መጽሐፍ ላይ ተንጠለጠለ። በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ ወደ እርስዎ የበረርኩት ለዚህ ነበር።

፫ኛ፦ ስለ ምክርዎ።

መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሳገኘው መጽሐፍ የምታውሰው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «በኪሎ ተሸጡ» አለችኝ። ያን ቀን ስብሰባ ስላልነበረብዎ ቢሮዎ አስገብተው አነጋገሩኝ። ወንበር ሰጡኝ፤ አመሰግናለሁ። ጉዳዬን አስረዳሁ፤ እህቴ እንደ ታመመች፣ መጽሐፉ ከመሐል እንደ ተቋረጠብን፣ ምናልባት ሳይሸጥ የተረፈ ካለ እዚያው መጋዘን ውስጥ ቆሜም ቢሆን መጨረሻውን አንብቤ እንድሄድ ለመንኩ። እርስዎም ፈገግ ብለው «እናቴ፣ እነዚህ መጻሕፍት ለሰው የማይሆን ተስፋ ነው የሚሰጡት፤ በዚህ ዕድሜዎ ቁም ነገር ቢያነቡ ይሻላል» አሉኝ። ልክ ነዎት። በዚያ አረንጓዴ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ተስፋ ሞልቶ ፈስሶበት የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር፤ ትንሽ ቢቀነስለት ምን ይጎዳል?

ባዶ እጄን እንዳልሄድም ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚያስተምር መጽሐፍ በነጻ ሰጡኝ። መልካም ስጦታዎን ለእህቴ አደረስኩ። ሽፋኑን አይታ «ለእኔ? ስለ ጊዜ?» አለችና ሳቀች። ቱቦው እስኪንቀጠቀጥ፣ ነርሷ መጥታ እስክትቆጣን ድረስ ሳቀች። ያን ያህል ስትስቅ ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ስለሆነ፣ በዚህ አንድ ነገር የማመሰግንዎት ያለ ምንም ፌዝ ነው።

፬ኛ፦ መጻሕፍቱን ለሕዝቡ ስለ ማዳረስዎ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ከመንገድ የገዛችውን ኦቾሎኒ በልታ ስትጨርስ መጠቅለያውን ልትጥል ዘረጋችው። እንደ ልማዷ ዓይኗን ጣል ስታደርግበት «ኮርቻ» የሚል ቃል አየችና ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች መጣች። የእኛ መጽሐፍ ነበር። ከሁለተኛው ቅጽ የተገነጠለ አንድ ቅጠል፤ ጠርዙ ላይ የቤተ መጻሕፍትዎ ማኅተም ግማሹ ይታያል።

ጨዉን አራግፌ አነበብኩላቸው። ፈረሰኛው ድልድዩ ላይ መጠበቅ አቅቶት ወደ ቤቷ ተመልሷል። በር ላይ ቆሞ «አባትሽንም ይዘሽው ነይ፤ ፈረሱ ለሦስታችን ካነሰ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» ይላታል። የኮርቻ ሠሪው ልጅም ቀና ብላ አየችውና፣ ይልና ወረቀቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

እትዬ ነጻ በሆነው እጇ እጄን ያዘች። «እሱም እንዲህ ብሎኛል» አለችኝ። «ሚጣንም ይዘሻት ነይ፣ እኔ አሳድጋታለሁ አለኝ። ላንቺ ትኬት ቆርጦልሽ ነበር።»

ከዚህ በላይ ልትል አፏን ስትከፍት ማሽኑ ጮኸ። የደም ግፊቷ ወርዶ ኖሮ ነርሶቹ ከበቧት፤ እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ስለማላውቀው ሰውዬ አሰብኩ። ለካ አንድ ሰው ለእኔም መቀመጫ ይዞልኝ ነበር።

ግፊቷ ተመልሶ እንቅልፍ ወስዷታል ሲሉኝ፣ በዚያው ነርሷ ወደ ጠቆመችኝ ኦቾሎኒ ሻጭ ሄድኩ። ደግ ሰው ነው፤ ነገሩን ስነግረው ገበያውን ትቶ የመጠቅለያ ወረቀት ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈልኝ። ከውስጡ የግብር ደንብ፣ የሬዲዮ ጥገና፣ ከእኔ የዘንድሮ ልቦለዶች ደግሞ አንዲት ጸሐፊ አለቃዋን በጥፊ የምትመታበት ገጽ ወጣ። የኮርቻ ሠሪው ልጅ ግን የለችም። «የፍቅሮቹ ቶሎ አለቁብኝ እናቴ» አለኝ፤ «ወረቀታቸው በሰው እጅ ለስልሶ ለመጠቅለል ይመች ነበር።» በእርስዎ ዘመን ቤተ መጻሕፍታችን ከግንቡ ወጥቶ ሕዝቡ መሐል መግባቱን ያረጋገጥኩት ያን ጊዜ ነው። እንኳን ደስ አለዎት።

ከዚህ በታች ላለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

እትዬ ከዚያ ቀን በኋላ አላገገመችም። ትኩሳት ያዛት፤ ሆስፒታል አስተኟት። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ፣ መጽሐፉን አላገኘሁትም፣ ያለ መጽሐፉ ንገሪኝ አልኳት። «ደክሞኛል ሚጣዬ፣ ነገ እንጨርሰዋለን» አለችኝ። ሲነጋጋ ትንፋሿ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ስትሄድ እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ክቡርነትዎ እህቴን ገደሉ አልልም። የገደላት በሽታዋ ነው፤ ሐኪሞቹም ነርሶቹም የቻሉትን አድርገዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰውየው እኔን ሸክም አላለኝም ነበር፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ቀረች? መናኸሪያው ደርሳ አውቶቡሱ ሄዶባት ነው? ሰው ቤት እንደ ባዳ እንዳልቆጠር ፈርታልኝ ነው? ወይስ ያን ቀን አሞኝ፣ አልቅሼ፣ ቀሚሷን ይዤ አልለቅም ብያት ነው? ልብስ ስቆርጥ፣ መርፌ ስሰካ፣ ደንበኛ ስለካ ይኸው ጥያቄ አብሮኝ ይውላል። መልሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷን ቀበርኳት። የሌላውን ስሙን እንኳ አላውቅም። እርስዎ በኪሎ የሸጡት ወረቀት፣ አፏን መክፈት የማይሆንላት አንዲት ሴት ከጀርባው ሆና የምትናገርበት መጋረጃ ነበር። ሌላ መጋረጃ አልነበራትም።

መምህሩ ከቀብሩ በኋላ በነርሷ በኩል «ማንበቡን ተወችው ወይ?» ብለው ላኩብኝ። መጀመሪያ ላይ እግሬ እንቢ አለኝ፤ የእሷ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማየት አልሆነልኝም ነበር። አሁን ግን ከጎረቤትና ከደንበኞቼ እየለመንኩ፣ የተገኘውን፣ የድሮውንም የዘንድሮውንም አነብላቸዋለሁ። ስለ ኮርቻ ሠሪው ልጅ እስካሁን ክርክር አለ። መምህሩ «አባቷን ይዛ ተሻግራለች፤ ሌላ ውጤት ሊሆን አይችልም» ይላሉ። ነርሷ «ቀርታለች» ትላለች። እኔን ሲጠይቁኝ መነጽሬን እጠርጋለሁ።

በመሆኑም ክቡርነትዎ ከትልልቅ ሥራዎችዎ መካከል ጊዜ ሲተርፍዎ ያን መደርደሪያ፣ ቢቻል ሙሉውን፣ ባይቻል አንዱን እርከን እንኳ፣ ለእኛ ቁም ነገር ለማይገባን ሰዎች ይመልሱልን ዘንድ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ በፈቀደው መጠን እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

ለደረስንበት የንባብ ደረጃ ሁሉ ባለ ውለታዎ የሆንኩት፣ በመልካም ፈቃድዎ ታላቅ እህቷን ሳትሰማ የቀረች፣ ዘመንዎ እንዲረዝምና ቢሮዎ እንዲሰፋ የምትመኝ፣

ከገበያው ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ።

ማስታወሻ፦ ሰው ነውና፣ አያድርገውና፣ አንድ ቀን ክቡርነትዎም በዚያ አረንጓዴ ክፍል ወንበር ይዘው ክንድዎን ለማሽኑ ቢሰጡ እንዳይሳቀቁ። ከጎንዎ ተቀምጬ አነብልዎታለሁ። የሚወዱትን ይምረጡ፤ ዓመታዊ ሪፖርትዎንም ቢሆን ድምፄን አሳምሬ አነበዋለሁ። ብርዱ ሲጠናብዎ የፍቅር ልቦለድ ቢያሰኝዎት ደግሞ ለማንም አልናገርብዎትም። በእኛ ክፍል ያለው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ የጀመሩትን መጽሐፍ ሳይጨርሱ ማንም ከእጅዎ አይነጥቅዎትም።