በሰማያዊ ላስቲክ ስለታሰረው ሬዲዮህ

አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ካላንተ አንድ ረመዳን ጾመን ሁለተኛው ደጃችን ላይ ቆሟል። «ይህ ልጅ አንድ ገጽ ጽፎ ሳይጨርስ ይሸብታል» ትል አልነበር? ይኸው ላሳፍርህ ብዬ ብዕር አነሳሁ። ፊደሌ ከተወላገደ ጥፋቱ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ እሱም አንተ ነህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማ ደህና ናት። ስኳሯ ወርዷል፣ ድምጿ አልወረደም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን እንደተውከው ነው፤ ሊፍቱ ዛሬም ሲያሰኘው ይሠራል፣ ሲያሰኘው ያኮርፋል። እኔ ጎማ ቤት ሥራ ገብቻለሁ። ኮሌጁን አልተመለስኩበትም፤ አትቆጣ፣ ብትቆጣም ከዚያ ሆነህ አልሰማህም። በረንዳው ላይ የዘረጋኸው ሽቦም አለ። የሕንጻው ኃላፊ አንቴና ክልክል ነው ሲልህ «የልብስ ማስጫ ነው» ብለህ፣ እንዲያምንህ ካልሲ ያሰጣህበት ሽቦ። አንደኛው ካልሲህ እስካሁን እዚያው ተንጠልጥሏል። እማ አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁትም። ማን እንደሚያነሳው እንጃ።

ለካልሲ ብዬ ግን አይደለም የጻፍኩልህ። አፍ አውጥቼ ሳልነግርህ የሄድክበት አንድ ጥፋት አለኝ።

ያችን እሁድ ትዝ ይልሃል። እሁድ ከሰዓት ሁሌ ያ ማኅበራችሁ በአየር ላይ ስም የሚጠራራበት ሰዓት ነበር፤ ዝናብና በረዶ መጥቶ ስልክና መብራት ሲጠፋ በሬዲዮ የሰው መልእክት የምታደርሱት በጎ ፈቃደኞች። ካንተ በቀር ሁሉም ጡረታ የወጡ አሜሪካኖች ናቸው። እኔ «የሽማግሌዎች ዕድር» ነበር የምላችሁ። ስም ይጠራል፣ «አለሁ» ይባላል፣ የቀረ ይታወቃል፤ ዕድር ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ያን ሰሞን ስም ጠሪው አንተ ነበርክ። ደሴ ፒያሳ ላይ የሰው ሬዲዮ ስትጠግን ያረጀህ ሰውዬ፣ እዚህ ሳምንቱን ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስትቆርጥ ትከርምና እሁድ ሲመጣ ካውንቲው በሙሉ ያንተን አፍ ይጠብቃል። ሸሚዝ ትቀይር ነበር እኮ! በሬዲዮ ለማይታይ ሸሚዝ።

እና እኔ ከብሮኮሊ አትክልት እስር ላይ የፈታሁትን ሰማያዊ ላስቲክ ወስጄ የእጅ ሬዲዮህን የመናገሪያ ቁልፍ ጠፍንጌ አሰርኩት። ከዚያ ከሶፋው ትራስ ሥር ከተትኩት። ቁልፉ ከተጫነ ሬዲዮው ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ የሱ ድምፅ መስመሩን ስለሚይዘው ሌላ ሰው ትንፍሽ ማለት አይችልም። ይህን ያስተማርከኝ ራስህ ነህ። እኔ ሁለት ደቂቃ ስቀን የምናበቃ መስሎኝ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ሆነ። አንተ ሬዲዮህን ስትፈልግ፣ እማ ሽንኩርት እየላጠች ስትጮህብህ፣ ካውንቲው ሁሉ ይሰማል። «ሚስትህን እንዲህ ብትፈልጋት ኖሮ!» ስትልህ ተሰማ። «እነዚህ ፈረንጆች ይጠብቁኛል፣ ዋልተር ደግሞ ሰዓት ሲያልፍ እንደ ፍየል ነው የሚጮኸው» ስትል ተሰማ፤ ደግነቱ በአማርኛ ነው። «ሙቤ፣ አላየህም?» ስትለኝ «ወላሂ አላየሁም» ማለቴም ተሰማ። ወላሂ አልኩ አባዬ። እሱ ነው እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ። በመጨረሻ የማኅበራችሁ አንጋፋ ዋልተር ራሳቸው ስልክ ደውለው «ከተቀመጥክበት ተነሥ» አሉህ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። በበሩ ቀዳዳ ግን ሰማሁህ፤ «ሳላውቅ ተቀምጬበት ነው፣ ይቅርታ» አልካቸው። በኋላ ላስቲኩን ብፈልገው የለም። ተበጥሶ ሶፋው ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል ብዬ ተጽናናሁ።

በሳምንቱ ስም ጠሪነቱን ለሌላ ሰው ሰጠህ። እማ ለምን ስትልህ «ሺፍት በዛብኝ» አልክ። አንድም የተጨመረብህ ሺፍት አልነበረም። በእኔ ምክንያት አፍረህ የምትወደውን ነገር እንደተውክ ገባኝ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገ እየወለደ፣ በአምስተኛው ወር ልብህ ቆመ።

ማኅበርህ ሰው ሲሞትበት የሚያደርገውን ታውቃለህ። በስም ጥሪው ላይ የሟቹን የሬዲዮ ስም፣ ያን ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበትን፣ አንድ ጊዜ ይጠሩታል። ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል። መልስ እንደማይመጣ እያወቁ ይጠብቃሉ። ያንተን ሲጠሩ እኔ መኝታ ቤትህ ውስጥ በእጅ ሬዲዮህ እሰማ ነበር። ያ ዝምታ አላልቅ አለኝ። ሬዲዮውን ለክፉ ቀን ብለህ ወዳዘጋጀኸው ቀይ ቦርሳ የጎን ኪስ መልሼ ከትቼ ቁም ሳጥኑን ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም።

ባለፈው በጋ ግን ክፉው ቀን መጣ። አርብ ከሰዓት ነፋስ ተነሣና የኛን ሰፈር ዛፎች እንደ ጎመን ዘር በተናቸው። አንዱ ግንድ የት ልረፍ ቢል የኔን መኪና መረጠ። መብራት ሄደ፣ ትንሽ ቆይቶ ስልክም ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት እማ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ከወንዙ ማዶ ያለው አሌክሳንድሪያ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ አለች! እህቴ ሀያት እኮ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ ባሏ ጀማል የጭነት መኪናውን ይዞ ኦሃዮ ነው፤ ብቻዋን አራተኛ ፎቅ ላይ። እኔ «እማ፣ ፖቶማክን ዋኝተሽ ልትሻገሪ ነው?» ብዬ ላስቃት ሞከርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዴ ከሸፈ፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። «ያባትህን ቦርሳ አምጣ» ብቻ አለችኝ።

እኔ ፈቃድ የለኝ፤ ያለ ፈቃድ ቁልፉን መጫን ክልክል እንደሆነ ደግሞ መቶ ጊዜ ነግረኸኛል። ስለዚህ ቦርሳውን ተሸክሜ፣ እማን ይዤ፣ በወደቁ ቅርንጫፎች ላይ እየዘለልን የዕድርህ ሰዎች ጠረጴዛ ወደ ዘረጉበት ትምህርት ቤት ሄድን። ከስፖርት አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። የገዛ አባቴን ያዋረድኩት እነዚህ ሰዎች ፊት ነዋ። ዋልተር ግን ቀዩን ቦርሳ ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። አሜሪካዊም ቢሆኑ አንተ «ጋሽ ዋልተር» ስላልካቸው እኔም ከአንቱ በታች መጥራት አልሆንልኝም። ፎርም ሰጡንና ስም፣ አድራሻ፣ ከሃያ አምስት ቃል የማይበልጥ መልእክት ጻፉ አሉን።

ሃያ አምስት ቃል! ለእማ! ሰላምታዋ ብቻ አርባ ቃል ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ስትጠይቅ፣ እኔ ስሰርዝ፣ እሷ ስትቆጣ፣ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም ቆየን። በእንግሊዝኛ እናድርገው ብላት «ልጄን በእንግሊዝኛ ነው አብሽሪ የምላት?» አለች። ጋሽ ዋልተር «በፈለጋችሁት ቋንቋ ይሁን፣ በላቲን ፊደል ጻፉት እንጂ አንድም ፊደል አይጠፋም» አሉ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ሀያት ልጄ እኛ ደህና ነን። ዛፉ መኪና እንጂ ሰው አልነካም። አንቺስ? አብሽሪ። መልስሽን እስክሰማ ከዚህ አልነሳም። እናትሽ።» ቆጠርኩት፣ አሥራ ሰባት። እማ «ስምንት ይቀረኛል አይደል? ዱአ ይግባበት» አለች።

አንባቢው እኔ ሆንኩ፤ ጋሽ ዋልተር «ባለፈቃዱ እኔ እዚህ አጠገብህ አለሁ፣ ቋንቋው ያንተ ነው» ብለው ማናገሪያውን ሰጡኝ። ያንን ቁልፍ ተጫንኩና ማንበብ ጀመርኩ። አሌክሳንድሪያ ያለች አንዲት ሴትዮ ተቀበለችኝ። እያንዳንዱን ቃል ፊደል በፊደል፣ ለ«ኤ» አልፋ፣ ለ«ቢ» ብራቮ እያለች ትመልስልኛለች፤ አንተ በረንዳ ላይ ስትለማመደው እንደነበረው። «አልፋ፣ ብራቮ፣ ሲየራ፣ ሆቴል፣ ኢንዲያ፣ ሮሚዮ፣ ኢንዲያ።» እማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለአንዲት አብሽሪ ይህን ሁሉ ሰው መጥራት ምንድን ነው?» አለችኝ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ አራት ፎቅ በእግሩ ይወጣል፣ መልስ ይዞ ይወርዳል። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሊሆን ሲል የጠረጴዛው ሬዲዮ ባትሪ መድከም ጀመረና ጋሽ ዋልተር «አባትህ ሁሌ ትርፍ ባትሪ ይይዝ ነበር፣ ከቦርሳው ታች እየው» አሉኝ።

ባትሪው ነበር አባዬ። ወረቀት ተጠቅልሎበት ነበር። ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተጠምጥሞበታል። ያንተ ጽሑፍ፣ ያ ጉንዳን የሚያክል ፊደልህ፦

«ሙባረክ፣ ላስቲክህ ይኸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠመጠምከው፤ ሌላ ጊዜ ሁለቴ ጠምጥም። ይህን ቦርሳ የከፈትክ ዕለት ግን ቀልዱን ተውና ሰው እርዳ። አባትህ።»

ቁጭ አልኩ። ወለሉ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ጋሽ ዋልተር ላስቲኩን ሲያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንተ ላስቲኩን ለእያንዳንዳቸው እያሳየህ «ልጄ ያሰረው ነው፣ እጁን እዩልኝ፣ አንድ ቀን ከኛ ጋር ይቀመጣል» ስትል ነበር አሉኝ። እንደ ፍየል ያልካቸውንም ራስህ ተርጉመህ ነግረሃቸዋል! ታዲያ ስም ጠሪነቱን ለምን ተወ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሐኪም ልብህን አይቶ ዕረፍ እንዳለህ፣ ከዚያ እሁድ ወር አስቀድሞ ሌላ ሰው እንዲተካህ ለምነሃቸው እንደነበር፣ እኛ እንዳንደነግጥ ብለህ ዝም እንዳልክ ነገሩኝ።

እኔን ተንኮለኛ ስትል ኖረህ! የኔ ተንኮል ሃያ ደቂቃ ቆየ፣ ያንተ ወራት። ስለ ልብህ በመደበቅህ ገና ልጣላህ እችላለሁ፤ ግን ዛሬ አይደለም። ያን ዕለት ከደረቴ ላይ የወረደውን ነገር ብመዝነው ከጭነት መኪና ጎማ ይከብዳል። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እማ ሀያት የሞተች መስሏት ጮኸች፣ ላስቲኩን ከፍ አድርጌ አሳየኋት፤ የባሰ ግራ ገባት።

ባትሪው እንደተቀየረ አሌክሳንድሪያ ጠራን። ሴትዮዋ አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ በተረጋጋ ድምፅ ፊደል እየቆጠረች ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሲሞላ አየሁት፦ «ይህ የሙባረክ ቀልድ ከሆነ እገድለዋለሁ።» የራሴን ሞት በራሴ እጅ፣ ፊደል በፊደል! ከዚያ፦ «ደህና ነኝ። ጎረቤቴ አብራኝ ናት። ልጄ እየተራገጠ ነው። እማ አልቅሰሽ ከሆነ አቁሚ።» እማ አላቆመችም። «አልሐምዱሊላህ» እያለች ጋሽ ዋልተርን ጉንጫቸውን ስማ ስማ ቀይ አደረገቻቸው፤ ይቅርታ፣ ካንተ ልደብቅ አልፈልግም።

የሚራገጠው ሴት ሆና መጣች። ስታንኮራፋ ቁርጥ አንተን ናት፤ ሀያት ትክዳለች፣ እኔ ግን ቀድቼ ይዤዋለሁ።

እኔም የሬዲዮ ፈቃድ ፈተናውን ተፈትኜ አለፍኩ። በሁለተኛው ሙከራ። አንተ በሦስተኛው ነበር ያለፍከው፣ ላስታውስህ ብዬ ነው። የሟች ስም ለልጅ መተላለፍ ይችላል ሲሉኝ ወረቀቱን ሞልቼ የሬዲዮ ስምህን ወሰድኩ። የእማን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። «ስሙን ውሰድ፣ ካልሲውን ተው» አለችኝ።

ባለፈው እሁድ ሸሚዝ ቀየርኩ። አትሳቅ። ጋሽ ዋልተር ስም ሲጠሩ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያንተን ጠሩና ዝም አሉ። ሁሉም ዝም አለ። ያ የማያልቀው ዝምታ ተመልሶ መጣ፤ ሬዲዮውን አነሣሁ፣ ቁልፉን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ።

«አለሁ» አልኩ።

ጆሮዬ ያልለመደው ነገር ተከተለ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተራቸውን ረስተው በአንዴ ሲናገሩ መስመሩ ተዘጋ፤ እኔ ከዘጋሁት የባሰ።

እሁድ በመጣ ቁጥር ትጠራለህ አባዬ፣ እሁድ በመጣ ቁጥር ትመልሳለህ። እኔ እስካለሁ ያንተ ስም ተጠርቶ መልስ አያጣም። ወላሂ። ይህችኛዋን አምነህ ተቀበለኝ፤ የበፊቷን ማካካሻ ናት። ላስቲኩ ትርፍ ባትሪው ላይ ነው፣ እንዳዘዝከኝ ሁለቴ ተጠምጥሟል።

ሰው እየረዳ፣ ግን ቀልዱን ሙሉ በሙሉ ያልተወ ልጅህ፣
ሙባረክ