የራዲያተሯ ውሃ

ሽበሺ፣

ሠራዊቱ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ጠርቶኛል፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። የመኪናዬን ቁልፍ ደብቄዋለሁ።

ያቺ የስፖርት መኪና አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደችው በስለት አይደለም። ዘይቷን በጊዜው ስለምቀይርና ሞተሯ ሳይሞቅ ስለማላስሮጣት ነው። አንተ ግን ሊማሊሞ ላይ የጭነት መኪና በምንጭ ውሃ ማብረድ የለመድክ ጀግና፣ ራዲያተሯን ከቧንቧ ቀድተህ ሞላህልኝ። የዚህ የቂርያት ጋት ከተማ ውሃ ኖራ ነው፤ ራዲያተር ይደፍናል። ካላመንክ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክፈትና ውስጡን እይ።

ያን ውሃ አፍስሰህ በረንዳ ላይ ያለውን አረንጓዴ የራዲያተር ፈሳሽ ሙላ። ሞተሩ ሲበርድ ነው፣ ሹፌሩ።

ትናንት በእህቴ በሙሉሽ ፊት መሃይም ብዬሃለሁ። ነህም።

ራዲያተሯ ባዶ መሆኑን ግን ያየኸው አንተ ነህ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ክዳኑን አልከፈትኩትም። ለሙሉሽ እንዳትነግራት።

ቁልፉ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነው።

አግደው