ከእኔ ቀድመው ጊደር ለዳሩት የስርጭት ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ በድሩ፣
የአዳራሻችን የድምፅና የቀጥታ ስርጭት ኃላፊ፣
ከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ። አላህ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የጆሮ ጤና እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ባለፈው እሑድ በኒካሔ ላይ ለዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ። እንደሚያስታውሱት፣ አባቴ ከአዳራሹ «ድሬልሃለሁ» ሲል እጮኛዬ ኢርፋን ከጅዳ «ተቀብያለሁ» ሊል ነበር፤ ከእርስዎም የተፈለገው እነዚህን ሁለት ቃላት ማሻገር ብቻ ነበር።

1ኛ. ማይኩ ጫጫታ እንዲያጣራ ስላዘዙልን እናመሰግናለን። ሶፍትዌርዎ ታዛዥ ነውና የሽማግሌዎቹን ዱዓ ከነአሚኑ፣ የአባቴንም «ድሬልሃለሁ» ጨምሮ በጫጫታነት አስቀርቶታል። ጅዳ የደረሰው የአባቴ ከንፈር ብቻ ነው።

2ኛ. ይህን ለማረም ገመዱን ሦስት ጊዜ ነቅለው ሰክተው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አብርተው፣ በመጨረሻ በማይኩ ፈንታ የኮምፒውተሩን የራሱን ድምፅ ለቀቁት። እዚያ ውስጥ ደግሞ የሰንበቴ ገበያው የከብት ነጋዴ ቃሲም እንዲያቀናብሩለት የሰጠዎት የከብት ማስታወቂያ እየተጫወተ ነበር። ኢርፋን በአባቴ ከንፈር ላይ «የጨፋ ሜዳን ሣር የጠገበች ጊደር፣ እነሆ የእርስዎ ናት» የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ አማቱ ስጦታ የጨመረለት መስሎት በታላቅ ትሕትና «ተቀብያለሁ» አለ።

3ኛ. ያንኑ ስርጭት በኮምፒውተሩ ሌላ መስኮት ከፍተው ረስተውት ስለነበር፣ የኢርፋን «ተቀብያለሁ» እየተመላለሰ አምስት ጊዜ ተሰማ። ኒካሑን የሚያስሩት ሸኽ ሙሀመድአሚንም የተፈቀደው አራት ሚስት ነው፣ አምስተኛዋ የማን ልጅ ናት ብለው ጠየቁ። እናቴ «ማል ጄዼ? ምን አለ?» እያለች ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እኔ በሻሼ ተከልዬ አለቀስኩ።

ሸኻችን የአባቴ ቃል ስላልተሰማ ኒካሕ አልታሰረም አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ጊደሯን በምስክሮች ፊት ተቀብሏታልና የእሱው ናት ብለው ፈረዱ፤ ቃሲምም በማግሥቱ አምጥቶ በረታችን ውስጥ አሰራት። የኢርፋን የዕለቱ ፈቃድ እዚያው ስላለቀ፣ ከአሠሪዎቹ ዳግመኛ ፈቃድ የሚያገኘው ከዓረፋ በኋላ ነው። ሒናዬ እየለቀቀ ነው። ከቤታችን እስካሁን የኢርፋን የሆነችው ጊደሯ ብቻ ናት።

ስለዚህ በቀጣዩ ኒካሕ ኮምፒውተርዎን ቤትዎ አስቀምጠው፣ እጅዎን ታጥበው በእንግድነት ብቻ ቢገኙልን ቤተሰባችን ውለታዎን አይረሳም።

ማይክዎ ሊያደርሰው ከማይችለው አክብሮት ጋር፣
ያልተዳረችው ሙሽራ፣
ረቢአ

ማስታወሻ፦ ከኢርፋን ጋር በተራ ስልክ ስናወራ፣ ጊደሯ ከበረቷ ሆና እምቧ ስትል ጅዳ ድረስ ጥርት ብላ ትሰማለች። ማይክ የላትም፤ የድምፅ ኃላፊም የላትም።