ያልተሰማኝ ፍል ውሃ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እታለም፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰነብተሻል? ልጆቹስ በረቱ? እኛ ተመስገን ነው፤ ሩዙም ዘንድሮ ደህና ይዟል፤ ጎርፉ የወሰደብን የታችኛውን ማሳ ብቻ ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ እንዳትዪኝ። በስልክ ሳወራ ጎረቤት ይሰማል፤ አንቺም ዘንድ ሰው አይጠፋም። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በነሐሴ ነው። ከባለቤቴ ከባየህ ጋር ሩዝ ስናርም ውለን ከውሃው ስወጣ፣ እግሬን አይቶ ደነገጠ። ሦስት አልቅት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጣብቆ ጠግቦ አብጧል፤ ከአውራ ጣቴ ሥር ደግሞ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቷል። እኔ አንዱም አልተሰማኝም። ውሃው አደንዝዞኝ ነው አልሁት። እሱ አመነኝ፤ እኔ ግን ራሴን አላመንሁም። ከዚያ ወዲህ በማሳው ጠርዝ ስሄድ መሬቱን የረገጥሁት አይመስለኝም፤ ዐይኔን ከእግሬ ላይ ካነሣሁ እንገዳገዳለሁ። ሁለት ጊዜ ጭቃው ውስጥ ወደቅሁ።

በጥቅምት ጎረቤታችን ካሳነሽ ወገቧን ልትታጠብ ወንዛዬ ፍል ውሃ ስትወርድ ተከተልኋት። ፍል ውሃው የደነዘዘውን ያፍታታልኛል ብዬ ነው። ከምንጩ አፍ ተቀምጠን እግራችንን ነከርን። እሷ ወዲያው አወጣችና ይህስ ያቃጥላል፣ ወደታች እንውረድ አለችኝ። እኔ ለብታው እንኳ አልተሰማኝም። አፍሬ ቆየሁ፣ ብዙ ቆየሁ። ሳወጣው እግሬ ውሃ ቋጥሮ ቆዳው ተነሥቷል። እታለም፣ ቆዳዬን እያየሁ ሕመሙን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሰው ሕመም ይምጣልኝ ብሎ ይለምናል? እኔ ለመንሁ።

ባየህ ወረታ ጤና ጣቢያ ወስዶ አስመረመረኝ። ያየችኝ ምኞት የምትባል ነርስ ናት። ዐይንሽን ጨፍነሽ፣ እግርሽን ስነካሽ ንገሪኝ አለችኝ። ጨፍኜ ጠበቅሁ። ብትቆይብኝ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው አልኋት።

«ጨርሻለሁ» አለችኝ።

ዐይኔን ስገልጥ ጥጥና መርፌ ይዛለች። ባየህ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቀጥላ ጀርባዬን አየች፤ ያ ጭርት ነው ብለን የተውነው ነጣ ያለ ምልክት ላይም መርፌው አልተሰማኝም። ሥጋ ደዌ ነው አለችን።

በጽዋ ማኅበሩ ከእኔ ቀጥሎ ማን ይጠጣል? መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ይህ ነው። ቤት ገባን። ባየህ መኝታ መለየቱ አይቀርም ብዬ መኝታዬን ለብቻዬ ላነጥፍ ተነሣሁ።

«ተይው» አለኝ። «ይልቅ እግርሽን አምጪው፤ እሾህ ገብቶ እንደሆን ልይልሽ።»

ከዚያ ወዲህ ከማሳ በገባን ቁጥር ያይልኛል።

መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ፤ በነጻ ነው የሚሰጡት፣ ዓመት ይወሰዳል። በሽታው ይድናል፣ መድኃኒት የጀመረ ሰውም ወደ ሌላ አያስተላልፍም ብላናለች። የጠፋው ስሜት ይመለስ እንደሆን ስጠይቃት ግን ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች። ልጄን ሳጥብ ውሃውን በክርኔ እለካለሁ፤ እጄን አላምነውም። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን በየተራ ነከስ አደርጋለሁ። ትናንት ትንሿ ጣቴ ዘገየችብኝ።

አሁን የጻፍሁበትን ልንገርሽ። ይህ በሽታ ሰው ላይ ብዙ ዓመት ተደብቆ ይቆያል አሉ። ምኞት፣ አብሮሽ ያደገ፣ አብሮሽ የተኛ ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ስምሽን ነገርኋት። ለፋሲካ የመጣሽ ጊዜ የፈላውን ድስት በባዶ እጅሽ ከእሳት አውርደሽ ቆመሽ ስታወሪን፣ የባለሙያ እጅ እሳት አይፈራም ብለን ስቀን ነበር። ያን ሳቅ ካስታወስሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ትልቋን ልጅሽን ጥጥ አስይዣትና ዐይንሽን ጨፍኚ። ጣቶችሽን አንድ በአንድ ትንካሽ። ከዚያ ምንም ይሁን ምን፣ እኔ እንደቆየሁት አትቆዪ።

የቁሐሩ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ እጅሽን ይጠብቅልሽ።

በአንድ ጋቢ ተጠቅልላ ከጎንሽ ያደገችው ታናሽ እህትሽ