ፊት የሌላት ፈትያ

ሰኞ፣ ኅዳር 7
የአሻንጉሊቷን ፊት ልገፍፈው ነው። እንደዚያ አምሮልኝ! ከንፈሯን ብቻ ሦስት ጊዜ ነው ያረምኩት።

ዘይነባ ከመጋላ ሰፈር እያለከለከች መጣች። ልጇ ፈትያ እሑድ ተሞሽራ በባቡር ጅቡቲ ትገባለች። እናት ናትና ልጇን የምትመስል አሻንጉሊት አዝዛኝ ነበር። አማቷ፣ የፈትያ አያት እማማ ኑሪያ ሰሙ። «ዓይን ያለው ምስል ቤቴ አይገባም። ዓይን የሰጠ ሰው ነፍስም ስጥ ይባላል» አሉ። ፎቶግራፍም በዚሁ ቀረ።

«ፊት ሳይኖራት እሷን ትምሰልልኝ። ሌላ አልፈልግም፣ ወላሂ!» አለችኝ።

ተናደድኩ። ታፔላ እጽፋለሁ፣ የሙሽራ ሣጥን ላይ አበባ እሥላለሁ፣ የጃንሆይንም ሥዕል ለሆቴል ሠርቻለሁ፤ ሰው የሚያደንቅልኝ ግን ፊት ነው። ጥያቄው ደግሞ አልለቅ አለኝ። ሰው ያለ ፊቱ በምን ይታወቃል?

ማክሰኞ
ብሩሽ አልነካሁም። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ የሰው ጀርባ ሳይ ዋልኩ። ዳቦ ጋጋሪውን በአረማመዱ አወቅሁት። ባሌን በኮፍያው ለይቼ ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ ዞር ሲል የማላውቀው ሰው! አፈርኩ። ልብስ አያስተማምንም ማለት ነው።

ረቡዕ
የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ እነዘይነባ ቤት ሄድኩ፤ ቀሚስ ልለካ በሚል ሰበብ። ፈትያ ውሃ ስትቀዳ፣ ስትስቅ፣ በር ላይ ስትቆም አየኋት። አገኘሁት! ታናናሾቿን በግራ ዳሌዋ ታቅፋ ነው ያደገችው። አሁን እጇ ባዶ ሆኖም ግራ ዳሌዋ ወጣ፣ ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። እሷ አታውቀውም። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ሐሙስ
የአሻንጉሊቷን ፀጉር በግራና በቀኝ ጠቅልዬ በመረብ ሸፈንኩት። ቆንጆ! ዘይነባ አይታ ጮኸች፦ «ኧረ አቦ! ይሄ ያገባች ሴት ፀጉር ነው። እኔ የምፈልገው ልጅነቷን ነው።» ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ይህን መሳቴ! ፈታሁት፣ የልጃገረድ ሹሩባ ሠራሁላት።

ዓርብ
ወገቧ ውስጥ ሽቦ ከትቼ ዳሌዋን አወጣሁት። ባሌ «ይቺ ልትወድቅ ነው እንዴ?» አለ። ልቤ ፈራ። የእጄ ጥፋት ቢመስላቸውስ? ሁለት ጊዜ አቃናኋት፣ ሁለት ጊዜ መለስኳት። ስትቃና የማንም ልጅ ትሆናለች።

እሑድ
ባቡሩ ሄደ። ከጣቢያው በቀጥታ እነዘይነባ ቤት ገባሁ። የዘይነባ ዓይን አብጧል። አሻንጉሊቷን የሸፈንኩበትን ጨርቅ ገለጥኩ።

እማማ ኑሪያ አሻንጉሊቷን ተቀበሉ። ዓይን እንደሌላት በጣታቸው ዳብሰው አረጋገጡ። ከዚያ መዳፋቸውን ግራ ዳሌዋ ላይ አድርገው ገፋ አደረጓት።

«ስንቴ ልንገርሽ? ቀጥ ብለሽ ቁሚ!» አሉ።

ያሉት የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ዘይነባ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። አልሰጧትም።