ለሚስተር ደምሴ የቀረበ ምስጋና

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ጠዋት፣ የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አዲሱን የጥናት መጽሔት ገልጬ የመጨረሻውን ገጽ ሳነብ ነው። አንዲት መስመር ናት። «ሥዕሎቹን በማዘጋጀት የረዱንን ሚስተር ደምሴን እናመሰግናለን» ትላለች። አንተን ነው። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆኖሃል፣ በሕይወትህ አንድ የማያ ሥዕል ሥለህ አታውቅም፣ ይኸው ሎንደን ላይ በመጽሔት ተመሰገንክ። ሥዕሎቹን የሣልኩት፣ የማያውንም ጽሑፍ ፈትቼ ያነበብኩት እኔ ሶስና ግን የለሁም። ገጹን ሦስት ጊዜ ፈለግኩት። የለሁም።

እንኳን ደስ አለህ ልበልህ?

አንተ «እነዚያ የጫካ ሰዎችሽ» የምትላቸው ማያዎች በመካከለኛው አሜሪካ ድንጋይና ሸክላ ላይ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ብዙው ምልክታቸው እንደ እኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። ቃሉ ሲያልቅ ግን የመጨረሻው ምልክት አናባቢውን ይውጠዋል። ይህን መጀመሪያ ሲያስተምሩን እንግሊዞቹ ጓደኞቼ ግራ ተጋቡ፤ እኔ ሳቄ መጣ። እዚሁ ሰሜን ሎንደን፣ የኤድመንተኑ ወጥ ቤታችን ነው ትዝ ያለኝ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ቤት የመመለሱን ወሬ እርግፍ አድርገህ ተውክና በማግስቱ ፊደሉን ግድግዳው ላይ ለጠፍከው። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ የነበርክ ሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ ዌርሃውስ ካርቶን ስትደረድር ከርመህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ከጨዋታ ታስቀረኛለህ። «ስም» ብለህ ትጽፋለህ። ሁለቱም ሳድስ ናቸው፤ ስ ላይ ድምፅ አለ፣ ም ላይ የለም፤ በምን አወቅሽ? ትለኛለህ። እንዴ፣ ዝም ብዬ ነዋ ያነበብኩት፣ እልሃለሁ። ያኔ እርሳሱን ጆሮህ ላይ ሰክተህ፣ «ፊደሉ ግማሹን ነው የሚነግርሽ፤ ግማሹን አንቺ ታመጪያለሽ» ትለኝ ነበር። እንዴት ታናድደኝ እንደነበር።

የተሰረቅኩት ያንን ግማሹን ነው፣ አባዬ።

አንድ የማያዎች የሸክላ ዋንጫ አለ፣ የቸኮሌት ፍሬ የሆነው ካካዎ የሚጠጣበት። ጠርዙ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ሊቃውንቱ ስንት ዘመን እንደ አንድ ረጅም የወንድ ስም ሲያነቡት ኖረዋል። ስሙ ከማያዎቹ ጎረቤት ሕዝብ የመጣ ባዕድ ስም ስለሆነ ርዝመቱን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እኔ መሃል ላይ ያለችውን አንዲት ምልክት አናባቢዋን ዋጥኳት። ወዲያው ስሙ እዚያ ላይ አለቀ፤ የቀጠለው «ልጅ» የሚል ቃል ሆነ፤ ከዚያ ሌላ ስም መጣ። መጀመሪያው ላይ ደግሞ ሴት መሆኗን የሚናገረው ምልክት ቁጭ ብሏል፤ ጌጥ መስሏቸው ነው ያለፉት። ዋንጫው የሰውየው አልነበረም። የሴት ልጁ ነው። ስሟ ፊት፣ የአባቷ ስም ኋላ፣ ልክ እንደ እኛ።

ይህን ጥናቴን ለምትመራው ሱፐርቫይዘሬ የነገርኳት አንተ ሆስፒታል በተኛህበት ሳምንት ነው። ጥሩ ግምት ነው፣ ግን ግምት ብቻ ነው አለችኝ። ለለቅሶህ ኤድመንተን ድረስ መጣች፤ እማዬ ቦታ ለቀቀችላት፣ ንፍሮ ቀመሰች፣ ፎቶህ ሥር ተቀመጠች። ስትወጣ እጄን ይዛ፣ ሐዘንሽን ተወጪ፣ ሥዕሎቹን እኔ ጋ አስቀምጪያቸው አለችኝ። እኔም ሰጠኋት። በእርግጥ አስቀመጠቻቸው፤ ከነንባቤ፣ መጽሔቱ ላይ፣ በራሷ ስም ሥር።

ቢሮዋ ሄድኩ። ሻይ አፈላችልኝ። «ሚስተር» ያለው መጽሔቱ ነው፣ እኔ የሰጠኋቸው የቤተሰብ ስምሽን ብቻ ነው አለች። የቤተሰብ ስም የለንም፣ ያ የአባቴ ስም ነው፣ ለለቅሶው መጥተሽ ነበር አልኳት። ደነገጠች። ኦንላይን ላይ ያለውን «ሚስ ደምሴ» ብለን እናስተካክለዋለን፣ ዛሬውኑ ኢሜይል አደርጋለሁ አለች። ስለ ንባቡ ስጠይቃት ከጋራ ውይይት የወጣ ሐሳብ ነው አለችኝ። ያበሳጨኝ ሚስተሩ ነው ብላ ከልቧ ታምናለች። ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ።

የቤቱን ደግሞ ስማ። ወንድሜ ዮናስ ደቡብ ሎንደን፣ ስትሪትሃም ቤት ተከራይቶ ወጥቷል። ወሬውን ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀና፣ «አባዬ እኔ ዲግሪዬን ሳልጨርስ ቀደመኝ» አለ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ገጹን ኮፒ አስደርጋ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ሄደች፤ አሁን በፍሬም ፎቶህ ሥር ተሰቅሏል። ስህተት መሆኑን አስረዳኋት። በደንብ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «የአባትሽ ስም ነው የተነሣው፤ የማን እንዲነሣ ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። ሱፐርቫይዘሯ ካለችው ሁሉ ይልቅ ይህ ነው ያንገበገበኝ። ባቡር ተሳፍሬ ኬንቲሽ ታውን ወዳለው የኪራይ ክፍሌ ገባሁ።

መልሱ ደብተሬ ውስጥ ነበር። ሆስፒታል ሳለህ ዋንጫውን ያሳየሁህ ገጽ ትዝ ይልሃል? ምልክቶቹን አንድ በአንድ አነበብኩልህ። ዓይንህን ጨፍነህ ሰማህና እርሳሴን ተቀብለህ መሃል ላይ ካለችው ምልክት አጠገብ «ም» ብለህ ጻፍክ። «ይቺ ዝም የምትል ትመስለኛለች» አልክ። ቀኑ ላይኛው ጥግ ላይ በእጄ ተጽፏል። ያንን ገጽ ከአቤቱታዬ ጋር አያይዤ ለዲፓርትመንቱ አስገብቻለሁ። ጓደኞቼ ዲግሪሽን ሊያዘገዩብሽ ይችላሉ ብለውኛል። ያዘግዩት።

ስለዚህ አዎ፣ ምስጋና ይገባሃል። አመስጋኟ ግን እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም። የጥናቴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እጽፍልሃለሁ፣ ያቺን ም ጨምሬ፤ የፍሬሙንም ወረቀት ያኔ እማዬ ራሷ ትቀይረዋለች። ባስተማርከኝ ሳድስ ሁሉ አስብሃለሁ፣ ሌላ ማሰቢያ አላውቅም።

ከእንግዲህ ግን ሚስተርም ሚስም አልቀበልም። በሻይ የተለወሰ ይቅርታ አልቀበልም። ምስጋናም ቢሆን፣ ሥራዬን ወስደው ምስጋና የሚሰጡኝን አልቀበልም። ያንተንም ስም፣ ከኔ ስም ቀጥሎ ካልመጣ፣ ከማንም እጅ አልቀበልም።

ልጅህ፣
ሶስና ደምሴ