ፈቃዴን ሲጠብቁ የከረሙት ቃሎችሽ

ይድረስ ለእታለም፣ እህቴም አሳዳጊዬም ለሆንሽው፤

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምንስ ከረምሽ? ቀኝ ዓይንሽ እንዴት ነው፣ ፋሻው ተነሣልሽ? ብርሃን ሲመታው አሁንም ያስለቅስሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? ልጅሽ፣ ምራትሽ፣ መንታዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፤ ልጄ ደህና ናት፤ የአባባ ሱቅ ደህና ነው። እኔም እንደምታውቂኝ ከነቁጣዬ አለሁ።

ስለ ዓይንሽ ዛሬ መጠየቄ ሳያናድድሽ አይቀርም። አንቺ የነገርሽኝ ከአምስት ወር በፊት ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን ከትናንት በስቲያ ነው። ትናንት ደውሎ «ማነው?» ስትዪ የዘጋብሽ ሰውም እኔ ነኝ። በስልክ ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም። ደግሞ እኔና አንቺ ስልክ ላይ ገና ሰላምታው ሳያልቅ መጮህ እንደምንጀምር ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ልጻፍልሽ፤ አንቺም ሳታቋርጪ ስሚኝ።

የዛሬ ዓመት ገደማ «የአባባን ሱቅ ሽጠውና ዕረፍ፤ በዚህ ዘመን ሰዓት የሚያስጠግን ማን አለ?» ብትዪኝ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ እልህ ያዘኝ። የሚዛን መሥሪያ ቤቱን የለቀቅሁት አለቃዬ «ሃያ ግራም ቢያጎድል ምን አለበት?» ስላለኝ ነው፤ ሱቁንማ አንቺ ስላልሽ አልለቅም አልኩ። ሰው እንዲያገኘን ዌብሳይት ያስፈልገናል ብዬ አንድ ድርጅት ሄድኩ። ከረባቱን እስከ አንገቱ ያጠበቀ ሰውዬ ተቀበለኝ። «የሥራ ሰዓታችንን መቀየር ብፈልግስ?» አልኩት። «ይደውሉልናል፣ እኛ እንቀይርልዎታለን፤ በክፍያ» አለኝ። «የገዛ ደጄን ለመክፈት ቁልፍ ከእርስዎ ልለምን?» ብዬው ወጣሁ። በሩን ጠንከር አድርጌ ሳልዘጋው አልቀረሁም።

ከሱቃችን ቀጥሎ ያለው ባለ ማተሚያ ቤት የዚያን ዕለት ፊቴን አይቶ «ጋሼ፣ ደግሞ ዛሬ ማንን ገደሉ?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀብኝና «በነፃ የሚገኝ የዌብሳይት መሥሪያ አለ እኮ። ምንጩ ክፍት ነው፤ ውስጡን ማንም ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ብሎግም የንግድ ገጽም ይሠሩበታል፤ ጽሑፉን ራስዎ ያወጣሉ፣ ራስዎ ያወርዳሉ» አለኝ። አባባ ምን ይል እንደነበር ትዝ ይልሻል? «ጀርባው የማይከፈት ሰዓት የገዛ ሰው ሰዓት አልገዛም፤ ተከራየ እንጂ።» ይህኛው ጀርባው ይከፈታል አልኩና ገባሁበት።

ሦስት ወር ፈጀብኝ። የማላውቀው አገር ያለ ማንም ሰው፣ እኔ ለጠየቅሁት ጥያቄ ከዓመታት በፊት መልስ ጽፎ አስቀምጦ ነበር፤ ምስጋናዬን እንኳ አልጠበቀም። ቁጡ ሰው እንዲህ ያለ ደግነት ሲያጋጥመው የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። መግቢያው ላይ የሱቁን ፎቶ አደረግሁ። አንዱን ገጽ ለጥገና ሥራው ሰጠሁት። በብሎጉ ላይ ደግሞ በየሐሙሱ ከአባባ ሰማያዊ ደብተር አንድ አንድ ማስታወሻ እየገለበጥኩ አወጣለሁ። «የግድግዳ ሰዓት። ባለቤቷ፦ ወፍራሙ ዳኛ። ሕመሟ፦ በየማታው ትቆማለች። ምክንያቱ፦ ሚስትየው ባኮረፈች ቁጥር ፔንዱለሙን ታስረዋለች። መድኃኒቱ፦ ሰዓቷን አልነካሁም፤ ዳኛውን ሻይ ጋበዝኩት።» እንዲህ ያሉትን።

አድራሻውን «ገብተሽ አንብቢ» ብዬ ላክሁልሽ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ከዚያ ስልክሽን ስጠብቅ ከረምኩ።

ሕልም የማወራ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ መደርደሪያው ላይ ስትተኛ፣ የሚጠገኑት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሐሳብ ሲሄዱ፣ ገጹን ከፍቼ እቀመጥ ነበር። ነጭ ነው፤ ጸጥ ያለ ነው። ሰው በማይመጣበት ቤት መብራት አብርቼ እንግዳ የምጠብቅ ይመስለኛል። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ አንድ ኮሪደር ይታየኛል። የድሮ ቤታችን ኮሪደር ነው፤ ግን ማለቂያ የለውም፤ በሩ ሁሉ ነጭ ነው። ከአንደኛው በር ጀርባ የስፌት መኪናሽ ይሰማኛል፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። እጄን እጀታው ላይ አሳርፋለሁ፤ አልከፍተውም። በሕልሜም አኩርፌ ነበር፣ እታለም።

ባለቤቴን «እህቴ ረስታናለች» አልኳት። «እጅህ አልተሰበረ፤ አንተ አትደውልም?» አለችኝ። እሷንም አኮረፍኳት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ አባባ ስለ እማማ የእጅ ሰዓት ከጻፈው ሥር አንዱ የጫማ ማስታወቂያ ለጠፈበት፤ ሌላው የፀጉር መድኃኒት። ደሜ ፈላ። የመቆጣጠሪያ ገጹን ከፍቼ፣ አስተያየት ሁሉ እኔ አይቼ ካልፈቀድኩት በቀር እንዳይወጣ አዘዝኩ። ማሳወቂያው የሚላከው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ወደ መዘገብኩት የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ኢሜይል ነው፤ እሱን ደግሞ ኋላ ዘግተውታል። ገጹ ጥግ ላይ ግን የሚጠብቁት ቁጥር በቀይ ይታየኛል፤ በየቀኑ ይጨምራል። አንድ ጊዜ ከፍቼ ዐሥሩን አነበብኩ፤ ዐሥሩም ጫማ ነበር። «ቆሻሻ ነው» ብዬ ዘጋሁት፤ ዳግመኛም አልከፈትኩት። ሃያ ግራም ለጎደለ ሚዛን ሥራውን የለቀቀ ሰው፣ ዐሥር አይቶ በሺው ላይ ፈረደ።

ከትናንት በስቲያ ላጸዳ ተነሣሁ። ቁጥሩ አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ደርሷል። «ሁሉንም ምረጥ» የሚለውን ነካሁ። ጣቴን «ሰርዝ» የሚለው ላይ አሳረፍኩ። አንዴ መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። ያኔ ከጫማዎቹ መካከል «ሚሊሜትር» የሚል ቃል ዓይኔ ውስጥ ገባ። በዚህ ዓለም ላይ ሚሊሜትር ብሎ የሚጠራኝ ካንቺ ሌላ ማን አለ? እጁን ከእሳት ላይ እንደሚያነሣ ሰው ጣቴን አነሣሁት።

አሥራ አራት ናቸው። ቁጭ ብዬ በተራ አነበብኳቸው። የመጀመሪያው «ሚሊሜትር፣ ገብቻለሁ። ቤቱ ያምራል። ፎቶው ላይ ግን ፊትህን ቋጥረሃል፤ ደንበኛ ታባርራለህ» ይላል። አራተኛው ላይ «በጻፍኩ ቁጥር አስተያየትዎ ፈቃድ በመጠበቅ ላይ ነው ይለኛል። ደግ፣ እጠብቃለሁ። እኔ ያደግሁት አንተን ትምህርት ቤት በር ላይ ስጠብቅ ነው» ብለሻል። እዚያ ላይ ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁ። ዓይንሽ ታስሮ ሳለ የጻፉልሽ ጎረቤትሽ፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ ከሥር በራሳቸው «እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ እንዲህ ዝም ይላል?» ብለው ጠይቀዋል። አንቺም «እሱማ ይጮሃል እንጂ ዝም አይልም፤ ዝም ካለስ ታሟል» ብለሽ አስጽፈሻል። እንዲህ ለስምንት ወር ያህል ከነጩ በር ጀርባ ስታወሪልኝ ከርመሻል።

አሥራ አንደኛውን ግን ሦስቴ አነበብኩት። «የአባባ ብቸኛ ስህተት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በሰዓት ጠጋኝ ቤት የግድግዳው ሰዓት ዕድሜ ልኩን ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱ ነውር ነው፣ በቀብሩ ማግስት እኔ አስተካከልኩት ብዬ ተኩራርቼበታለሁ። አንቺም እንዲህ ብለሽ መለስሽልኝ፦ «ስህተት አልነበረም። ከትምህርት ቤት አንተን አዝዬ ስመጣ እዘገይ ነበር። እማማ ደግሞ ያንን ሰዓት እያየች ነበር የምትቆጣኝ። አባባ ሰባት ደቂቃ ሰጠኝ። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር፤ አሁን እሱም የለ፣ እሷም የለች።»

የመጨረሻው ጥቅምት 29 የተጻፈው ነው። «የቤት ኪራይ ውሌ ኅዳር መጨረሻ ላይ ያልቃል። በዚህ ዓይን ስፌት አልችልም። የልጄ ቤት ጠባብ ነው፤ እሱ ባይለኝም እኔ አየዋለሁ። ከሱቁ በላይ ያለው የአባባ ክፍል ባዶ ከሆነ ልምጣ? ሽጠው ያልኩህን ተወው። ካልመለስክልኝ ውሉን አድሳለሁ፤ ዝምታህን እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ። አልቀየምህም።»

ነይ፣ እታለም። ውሉን አታድሺ፤ ያደስሽውም እንደሆነ አፍርሺውና ነይ።

«ሁሉንም ምረጥ» አላልኩም። አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ እያነበብኩ ፈቀድኩ፤ ለእያንዳንዳቸው መልስ ጻፍኩ። አሥራ አራተኛው ሥር ያለው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ከላይ ጽፌልሻለሁ። ገጹን ተስፋ ቆርጠሽ ትተሽው እንደሆነ ግን ብዬ፣ ሐሙስ ወደ አንቺ ዘንድ ለምትሄደው ፋርማሲስት ጎረቤታችን ይህን ደብዳቤ እሰጣታለሁ። «በእጇ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጪ» ብዬ ሦስት ጊዜ ስለነገርኳት ተቀይማኛለች። አንድ ሌላም ነገር አድርጌያለሁ፤ ለጫማ ነጋዴዎቹ ስል በሩን ጨርሼ ባልከፍተውም፣ አንድ ጊዜ የተፈቀደለት ሰው ዳግመኛ ፈቃድ እንዳይጠየቅ አዝዣለሁ። ከእንግዲህ ያልሽው ሁሉ ወዲያው ይወጣል፤ ብትሰድቢኝም።

ክፍሉን ለክቼዋለሁ። አልጋሽ ከመስኮቱ ሥር ይገባል፤ የስፌት መኪናሽም ባትሰፊበትም ቦታ አለው። ደረጃው አሥራ ሰባት ነው፤ መደገፊያ እያሠራሁለት ነው። አናጢው አራት ሚሊሜትር ቢያዛባ አፍርስ አልኩት፤ ተጣላን፤ ባለቤቴ አስታረቀችን።

ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ማፈር ያለብህ አንተ ሳትሆን እኔ ነኝ በዪልኝ። ምራትሽን እጅ ነሥቻለሁ በያት። መንታዎቹ በላክሁላቸው የእጅ ሰዓት ሳይጣሉ እንዳልቀሩ እገምታለሁ፤ ሁለተኛው ደግሞ እየተጠገነ ነው። ለአስተማሪዋ፣ ሰውዬው መልስ ሰጠ ብለሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ባለቤቴ ክፍሉን መጥረግ ጀምራለች፤ ልጄም አክስቴ መቼ ትመጣለች እያለች ታደርቀኛለች።

የግድግዳውን ሰዓት ነገር አልጨረስኩልሽም። ትናንት፣ ስልኩን ከዘጋሁብሽ በኋላ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ መለስኩት። አንዱ ደንበኛ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል እኮ» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት፤ አልተቆጣሁም። እንግዲህ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቢያቆይሽ፣ ደረጃው ላይ ጉልበትሽ ቢይዝሽ፣ እንዳትቸኩዪ። በእኛ ቤት ሰዓት አልዘገየሽም።

ወንድምሽ ሚሊሜትር

ከአባባ ሱቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ኅዳር 18 ቀን